ቆዳ ዘለቅ የሆርሞን ምትክ ሕክምና

ትራንስደርማል የሚባለው መድኃኒት በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባ ነው። «ድንበር ዘለል» እንደሚባለው ሁሉ ይህን «ቆዳ ዘለቅ» ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ ከሚሰጡት አንዱ ቴስቶስተሮን ነው፤ የወንድ የዘር ፍሬዎች የሚያመነጩት፣ ሲያንስ የወሲብ ፍላጎትን፣ ጡንቻንና የአጥንት ጥንካሬን የሚቀንስ ሆርሞን።

ቴስቶስተሮን በላቦራቶሪ የተሠራው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነበር። ሲዋጥ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ አብዛኛው እዚያው ይፈርሳል። በተለመደው መርፌ ሲሰጥ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሻቅብና የቀጣዩ ቀጠሮ ሲቃረብ ይወርዳል፤ የታካሚው ስሜትና ጉልበትም አብሮ ሊዋዥቅ ይችላል። ቆዳ ግን ጥቂት በጥቂት ስለሚያሳልፈው በደም ውስጥ ያለው መጠን ይረጋጋል።

በአሜሪካ በ1993 የተፈቀደው የመጀመሪያው ልጥፍ ስስ በሆነው የቆለጥ ከረጢት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ነበር። በ2000 በቆዳ ላይ የሚቀባ ጄል ተከተለ። በጄሉ ከሚቀባው 50 ሚሊ ግራም ቴስቶስተሮን ወደ ደም የሚዘልቀው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው፤ ይህም የጤናማ ወንድ ሰውነት በቀን ከሚያመነጨው ጋር ይቀራረባል።

ጄሉ ጠዋት ጠዋት ንጹሕና ደረቅ በሆነ ትከሻና ላይኛው ክንድ ላይ ይቀባል። ሲደርቅ በልብስ ይሸፈናል፤ እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። ይህ ጥንቃቄ ሊዘነጋ አይገባም። የተቀባውን ቆዳ ሳይሸፍን ልጅ የታቀፈ አባት መድኃኒቱን ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ያለ ዕድሜያቸው የብልት ፀጉር ያበቀሉ ሕፃናት በመገኘታቸው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 በጄሉ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል።

ድካም ብቻውን ሕክምናውን ለመጀመር ምክንያት አይሆንም። ከምልክቶቹ በተጨማሪ በተለያዩ ቀናት ጠዋት በተወሰደ የደም ምርመራ ሁለት ጊዜ እጥረቱ መረጋገጥ አለበት፤ ብዙ ሐኪሞች በዴሲ ሊትር 300 ናኖ ግራምን እንደ ወሰን ይይዛሉ። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ላለበት ወንድ አይሰጥም። ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ደም ሊያወፍር ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የመካንነት ስጋቱ ነው። አንጎል ሆርሞኑ መብቃቱን ሲያይ ለዘር ፍሬዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የወንድ ዘር ምርትም እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ ልጅ ለመውለድ ያሰበ ወንድ ይህን ሕክምና መጀመር የለበትም፤ ሐሳቡን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።