ጃን ሜዳ፤ የአዲስ አበባ በዓልና ስፖርት በአንድ ሜዳ

በአዲስ አበባ በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ የሚሰበስቡት ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው ይባላል፤ አንደኛው ሃይማኖታዊ በዓል ነው፣ ሁለተኛውም የስፖርት ውድድር ነው። ስለ በዓሉ የሚጽፈው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ስለ ስፖርቱ የሚጽፈው ጋዜጠኛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚመረምር ግን እምብዛም አይገኝም። እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር ሁለት የተለያዩ ታሪኮች መስለውን ነበር። ነገር ግን ቀኖቹን ከቀን መቍጠሪያው፣ ቦታዎቹንም ከከተማው አቀማመጥ ጋራ ስናስተያይ አሳባችንን ለመለወጥ ተገደድን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዓሉና ስፖርቱ በአንድ ወራትና በአንድ ሜዳ አብረው ያደጉ መሆናቸውን ማሳየት፣ ቀጥሎም ያ ሜዳ ለከተማው ምን እንደሚሠራለት መጠየቅ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ወራቱን እንመልከት። ክረምቱ ሲወጣ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፣ በማግሥቱም መስቀል ይከበራል። እህል ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥ መጨረሻ ገና ይመጣል፤ ጥር 10 ቀን ከተራ፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ መሬቱም የደረቀበት ወራት በዓላት ናቸው። ለፈረስ፣ ለሩጫና ለኳስ የሚስማማውም ይኸው ወራት ነው። ስለዚህ በዓሉንና ጨዋታውን መጀመሪያ ያጋባቸው የሰው ትእዛዝ ሳይሆን በጋው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ቀጥሎ ቦታውን እንመልከት። ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ ጥቂት እልፍ ብሎ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። ስሙ ራሱ ጃን ሆይ ከሚለው የንጉሥ መጠሪያ ጋራ የተያያዘ ነው። በከተራ ዕለት የልዩ ልዩ አድባራት ታቦታት በካህናትና በምእመናን ታጅበው ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። ሌሊቱን በድንኳን ያድራሉ፤ ሲነጋም የባሕረ ጥምቀቱ ውሃ ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል። በጥምቀት ዕለት አብዛኞቹ ታቦታት ወደየደብራቸው ሲመለሱ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን እስከ ማግሥቱ ይቈያል። እንዲህ ሆኖ በየደብሩ ተለያይቶ የሚኖረው ሕዝብ ለሦስት ቀን አንድ ጉባኤ ይሆናል።

በዚሁ በበዓሉ ሰሞን ሜዳው የጨዋታም ቦታ ነበር። በጉግሥ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አንደኛው ይሸሻል፣ ሁለተኛው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺውም በጋሻው ይመክታል። ይህ ጨዋታ የጦርነት ልምምድ ስለ ነበረ ፈረስና ጋሻ ያለው ሰው ጨዋታ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ቆሞ ያያል። የገና ጨዋታ ግን ጫፉ ቈልመም ካለ ዱላና ከአንዲት ሩር በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፣ የሜዳውም ዳርቻ አይሰመርም። በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ ምት እንዳይቈጣ ልማዱ ያዝዛል። እንግዲህ ጉግሥ ማዕርግን የሚያሳይ ጨዋታ ሲሆን ገና ማዕርግን ለአንድ ቀን የሚያስረሳ ነው። በኋላ ዘመንም የፈረስ እሽቅድምድምና የአገር አቋራጭ ሩጫ በጃን ሜዳ ይካሄድ ጀመር፤ ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚላኩ ብዙ ሯጮቻችንም በጃን ሜዳ ስም በሚጠራው የአገር አቋራጭ ውድድር ተመርጠዋል።

የእግር ኳስ ዘመን ሲመጣ አዲስ ነገር አብሮ መጣ፤ እርሱም አጥር ነው። ከእኛም መካከል በገጠር የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ኳስን በተሰመረ ሜዳ ላይ በመምህር ፊሽካ ተማርን፤ ገናን ግን ከአጥሩ ውጭ ከመንደር ልጆች ጋራ ተጫወትን። የአዲስ አበባ ስታዲዮምም ይህን ልዩነት ለከተማው ሁሉ አሳየው። በር አለው፣ ቲኬት አለው፣ ወንበሩም በዋጋ የተለያየ ነው። ሆኖም ስታዲዮሙ ከበዓሉ ፈጽሞ አልተለየም። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ የተጀመረው ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሆን አራት አገሮች ተካፍለውበታል። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈች በኋላ ለዋንጫው ከተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ጋራ ተገናኘች። በተጨማሪ ሰዓትም 4 ለ 2 ረታች፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህ የሆነው ጥር 13 ቀን ነው፤ ይኸውም የሚካኤል ታቦት ከገባ በማግሥቱ ነው። በአዲስ አበባና በአሥመራ የተካሄደው የ1960 ዓ.ም. ዋንጫ ደግሞ የመጨረሻው ግጥሚያ በአዲስ አበባ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ተደረገ፤ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች። በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተካሄደውን ዋንጫ ሞሮኮ ወሰደች፤ እርሱም ከበጋው ወራት አልወጣም። ከዚህም ሌላ የከተማው ሙስሊሞች ለአያሌ ዓመታት የዒድ ሶላታቸውን በዚሁ ስታዲዮምና በዙሪያው ሰግደዋል። ስለዚህ የበዓል ሜዳ የስፖርት ሜዳ እንደ ሆነ ሁሉ የስፖርት ሜዳም የጸሎት ስፍራ ሆኗል።

ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ደግሞ ስፖርቱን እንደ ገና ከአጥር አወጣው። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን በወንዶች ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ሩጫው ለብዙ ዓመታት የተነሣው ደመራ ከሚበራበት ከመስቀል አደባባይ ነው። ከፊት ያሉት ለማሸነፍ ይሮጣሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ እየዘፈነና እየጨፈረ ይሄዳል። ታቦት ሲያጅብ ያደገ ሕዝብ መንገድን ሞልቶ አብሮ መሄድን ከማንም መማር አላስፈለገውም። በእርግጥ እዚህም መመዝገቢያ ገንዘብ አለ። ነገር ግን ተመልካቹና ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆነዋል፤ በዚህም ከጉግሥ ይልቅ ወደ ገና ይቀርባል።

አሁን የዚህ ጥናት ዋና ጥያቄ ወደ ሆነው ነገር እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል፣ ቀደም ሲል በ2006 ዓ.ም. እንደ ተመዘገበው እንደ መስቀል በዓል፣ በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ስለ ገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በዓሉ ቅርስ በተባለበት ዓመት ሜዳው የሽንኩርትና የቲማቲም መሸጫ ሆነ ማለት ነው። ይህን በማለታችን ውሳኔው መሠረት አልነበረውም አንልም። በጠባብ ስፍራ ተጨናንቆ መገበያየት ለሕይወት የሚያሠጋ ነበር፤ ነጋዴውም እንጀራውን፣ ከተማውም ምግቡን ማግኘት ነበረበት። እንዲያውም ያን ያህል ሕዝብ አራርቆ ለማስገበያየት የሚበቃ ክፍት ቦታ መገኘቱ ሜዳው ሳይታረስና ሳይታነጽ የመቈየቱ ፍሬ ነው። ችግሩ የመጣው ወራቱ አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ተነሥቶ ሜዳው ከተጸዳ በኋላ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በጃን ሜዳ ተከበረ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ከተማ እየሰፋ፣ መሬትም እየተወደደ ሲሄድ ሜዳን የሚያይ ዐይን ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንደኛው በዓመት ውስጥ ሥራ የሚበዛበትን ጥቂት ቀን ቈጥሮ ሌላውን ቀን እንደ ብክነት ያያል። ሁለተኛው ያ ጥቂት ቀን ያለዚያ ቦታ ሊኖር እንደማይችል ይገነዘባል። ታቦታቱን፣ ፈረሰኛውን፣ ሯጩንና በችግር ጊዜ ገበያተኛውን አንድ በአንድ ለየብቻ ብናስተናግድ ኖሮ አራት ሜዳ ባስፈለገን ነበር፤ ከተማው ግን በአንድ ሜዳ ተጠቅሟል። ይህም የሆነው ሜዳው የማንም ብቻ ስላልነበረ ነው።

የአገራችን ገበሬ አውድማውን የሚሠራበት በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌዎችም ይቀመጡበታል። ነገር ግን ባዶ ነው ብሎ አያርሰውም፤ መከር በደረሰ ጊዜ የት እንደሚወቃ ያውቃልና። ስለ ጃን ሜዳም የከተማው ሰዎች ይህን ያህል እንዲያስቡ እንመኛለን።