ታንኳው ይበሰብሳል፤ ሙያው ግን እንዳይጠፋ

ዛሬ ስለ ጀልባ ታሪክ ጥቂት እናወጋችኋለን።

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ ሰው ቆቃን፣ ዓለም ጤናንና መቂን አልፎ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ይደርሳል። እዚያ ያለው ሐይቅ ስፋቱ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደሴቶቹና በዳርቻው የዛይ ሕዝብ ይኖራል። ቋንቋው ለስልጤኛና ለሐረሪ የቅርብ ዘመድ ነው። ለዘመናት ዓሣ ሲያጠምድም ሆነ ገበያ ሲወጣ እግሩ ታንኳ ነበረች። ከሐይቁ ዳር የታጨደ ደንገል ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እየታሰረ ታንኳ ይሆናል። የጣና ታንኳም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

የደንገል ታንኳ ግን ውኃ ይጠጣል። ከወራት አገልግሎት በኋላ ይበሰብስና ሌላ ይታሰራል። ስለዚህም የሳንቃና የሞተር ጀልባ ቦታውን እየወሰዱበት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ቅርስ እንዴት እንጠብቀው?

ግብጽን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1954 ጊዛ ውስጥ በድንጋይ ከተከደነ ደረቅ ጉድጓድ 43 ሜትር የሚረዝም የዝግባ ጀልባ ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። በ2021 ወደ አዲሱ ታላቅ ሙዚየም ተዛውሯል። እንጨቱ ተረፈ፤ የደንገል ታንኳ ሠሪው ግን ከዚያች አገር ጠፋ።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 በደንገል ታንኳ ውቅያኖስ ሊሻገር ሲነሣ የታንኳው ሥዕል በጥንት መቃብሮች ግድግዳ ላይ ነበር። የሚያስረው እጅ ግን አልነበረም። ደንገሉን ከእኛው ጣና፣ ሠሪዎቹን ከቻድ ሐይቅ አስመጣ። የመጀመሪያው ታንኳ ከኋላው እየሰጠመ መንገድ ላይ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት የቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ያሰሩት ሁለተኛው ታንኳ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። የግብጽ ሥዕል ያልሰጠውን ዕውቀት ሙያውን ከአባቶቻቸው የተቀበሉ እጆች ሰጡ።

እኛ ሙስሊሞች ይህን በሚገባ እንረዳዋለን። ሰሐቦች በ615 ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። በ628 ደግሞ ነጃሺ ባዘጋጁላቸው ሁለት መርከቦች ጃዕፈርና ጓዶቻቸው ተመለሱ። ከእነዚያ መርከቦች አንዲት ሳንቃ እንኳ በእጃችን የለችም። ታሪካቸው የደረሰን አንዱ ከሌላው ሰምቶ ስላስተላለፈው ነው። ሙያም እንዲሁ የሚቀባበለው ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ በሐይቆቻችን ዳር ያላችሁ ወጣቶች! ታንኳ ማሰር የሚያውቁ አባቶች በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀመጡ። ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ገመዱ የት ላይ እንደሚጠብቅ ጠይቁ። ፎቶ ማንሣት መልካም ነው፤ አንዲት ታንኳ በገዛ እጅ ማሰር ግን ይበልጣል። ደንገሉ የሚበቅልበትን ዳርቻም ለእርሻ ብለን አንጨርሰው። ደንገል ከሌለ ትምህርቱም አይኖርም።