ከንጉሥ ጫካ ወደ ጎረቤት ማኅበር፦ የስዊድን የኤልክ አደን

የእኛ ነሐሴ ሊወጣ ሲል ወይም ጳጉሜን ስትገባ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ፣ በሰሜን ስዊድን ገጠር ሥራ ይቀዘቅዛል። እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ፣ የቧንቧ ባለሙያው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም የዓመት ፈቃዳቸውን ቆጥበው የቆዩት ለዚህች ሳምንት ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው በዚያ ሳምንት አናጢ ፍለጋ አይወጣም፤ እንደማያገኝ ያውቃል። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ይኸው ነገር በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ወይም ጥቅምት ሲጠባ ይደገማል። የሄዱት ሁሉ ጫካ ናቸው። የሚፈልጉት ኤልክን ነው፤ አሜሪካኖች ሙስ የሚሉትን፣ ከአጋዘን ወገን በግዝፈት አቻ የሌለውን እንስሳ። ጎልማሳው ወንድ እስከ 500 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ትከሻው ከቆመ ሰው ቁመት ይስተካከላል፤ ጠፍጣፋና ሰፊ ቀንዱን በየዓመቱ ብርድ ሲበረታ እየጣለ እንደገና ያበቅላል።

አብሮ አዳኙ ማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አምና የነበሩት ናቸው፣ ካቻምናም የነበሩት። ብዙዎቹ አባቶቻቸውም አብረው ያደኑ ናቸው። ይህን የሚያይ እንግዳ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሕዝብ ልማድ ቢመስለው አይፈረድበትም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የስዊድን ገበሬ ለረጅም ዘመን ኤልክ ቢገድል ወንጀለኛ ነበር።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወጡት የአደን ደንቦች መሠረት ትልልቁ የዱር እንስሳ የንጉሡና የመኳንንቱ ነበር። ገበሬው ከአደን ሙሉ በሙሉ ተገልሎ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ የግዴታ ድርሻ ነበረው። ተኩላና ድብ ሲነሣ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጫካውን እየከበበ አውሬውን እንዲያባርር በሕግ ይገደድ ነበር። ድካሙ የገበሬው፣ ክብሩ የጌታው ነበር። ኤልኩ ማሳው ውስጥ ገብቶ እህሉን ሲረግጥበት ግን ጠብመንጃ ማንሣት አይፈቀድለትም። በኢትዮጵያ ገጠር ዝንጀሮና ከርከሮ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አይጠፋውም።

ነገሩን የለወጠው ጦርነት ነው። ንጉሥ ሳልሳዊ ጉስታቭ እ.ኤ.አ. በ1788 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሩሲያ ጋር ጦርነት ገጠመ። ጦርነቱን ያልወደዱት መኳንንት የጦር መኮንኖች ፊንላንድ ውስጥ አድመው በንጉሡ ላይ ተነሡ። ጉስታቭ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። በ1789 መጀመሪያ ስቶክሆልም ላይ በጠራው ጉባኤ ቀንደኞቹን መኳንንት አሳስሮ፣ «የአንድነትና የደኅንነት ሕግ» የተባለውን ድንጋጌ በካህናቱ፣ በከተሜዎቹና በገበሬዎቹ ድጋፍ አስጸደቀ። መኳንንቱ አንቀበልም አሉ። ሕጉ የንጉሡን ሥልጣን እጅግ ያሰፋ ነበር፤ ለድጋፉ ዋጋ ግን ገበሬው እስከዚያ ያልነበሩትን መብቶች አገኘ። ከእነሱ አንዱ ባለ ርስት ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ እንዲያድን የሚፈቅደው ነው።

ጉስታቭ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1792፣ ስቶክሆልም በነበረው ኦፔራ ቤት ጭምብል ተለብሶ በሚጨፈርበት ግብዣ ላይ በጥይት ተመታ። ተኳሹ ያኮብ ዮሃን አንካርስትረም ሲሆን ከጀርባው ያሴሩት መኳንንት ነበሩ። ንጉሡ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሞተ። የተገደለው በአደን መብት ምክንያት ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም መኳንንቱን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ጫካው ከእጃቸው መውጣቱ ነበር፤ እንደኔ እንደኔ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያገኘውም ይኸው ከአንድ የፖለቲካ ድርድር የተረፈ አንቀጽ ነው።

መብቱ ለገበሬው በጎ ሆነ፣ ለኤልኩ ግን መከራ። ለዘመናት የተከለከለ ነገር ሲፈቀድ ማን ይታገሣል? ሁሉም ጠብመንጃውን አነሣ፤ በእንስሳው መተላለፊያ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በቅጠል መሸፈኑም ቀጠለ። አንድ ትውልድ ሳይሞላ ኤልክ ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጠፋ። መንግሥት ከ1826 እስከ 1835 አደኑን ፈጽሞ ከለከለ። የስዊድን አዳኞች ማኅበር የተመሠረተውም በዚሁ መካከል፣ በ1830 ነው። እንስሳው ቀስ በቀስ አገገመ እንጂ ብዙ ነው ሊባል አልደረሰም ነበር።

አሁን ወደ አዳኞቹ ጓደኝነት እንምጣ፤ የተወለደው ከዚህ ችግር ነውና።

በስዊድን ሕግ የማደን መብት እስከ ዛሬ የመሬቱ ባለቤት ነው። የገበሬው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብና ረጅም ቁራጭ ነው። ኤልክ ድንበር አያውቅም፤ ማለዳ አንዱ ጋ ሲግጥ የታየው ቀትር ሳይሆን የአምስት ጎረቤት መሬት ያቋርጣል። የአደኑ ወቅት ለሁሉም በሚከፈትባቸው ጥቂት ቀናት እያንዳንዱ በቁራጭ መሬቱ ዳር ቆሞ፣ ጎረቤቴ ሳይቀድመኝ እያለ ያገኘውን ይተኩስ ነበር። ለነገ የሚተርፍ ጥጃ የለም፣ ለመውለጃ የምትቀር ላም የለችም። ቆስሎ ወደ ጎረቤት መሬት የተሻገረው ደግሞ የጠብ መነሻ ነው።

መፍትሔው ከ1938ቱ የአደን ሕግ በኋላ እየተስፋፋ የሄደው የፈቃድ ሥርዓት ሆነ። በቂ ስፋት ላለው መሬት ይህን ያህል ጎልማሳ፣ ይህን ያህል ጥጃ ተብሎ ኮታ ይመደባል፤ ጊዜውም ይረዝማል። ነገር ግን ያንን ስፋት ብቻውን የሚያሟላ ገበሬ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው በማኅበር ማደን ነበረባቸው። ትናንት በወሰን የተጣሉት ሰዎች ዛሬ ተራ ተመዳድበው ይጠባበቁ ጀመር። የስዊድናውያንን የአደን ወዳጅነት ስናደንቅ መሠረቱ ይህ መሆኑን ማወቅ ይገባናል። አስቀድሞ ተዋድደው አልነበረም የተሰበሰቡት፤ ተሰብስበው ስለ ቆዩ ተዋደዱ።

የአደኑ ቀን የሚጀምረው ሳይነጋ ነው። በጫካው ውስጥ ባለችው ጎጆ እሳት ይነዳል፣ ቡና ይፈላል። የአደኑ አለቃ የቀረውን ኮታ ያሰማል፦ ምን መተኮስ እንደሚቻል፣ ምን እንደማይቻል፣ ወደየት አቅጣጫ ጥይት መተኮስ ክልክል እንደሆነ። ከዚያ መጠበቂያ ቦታዎቹ በዕጣ ወይም በአለቃው ድልድል ይታደላሉ። ጉልበቱ የከዳው አዛውንት ከመኪና መንገዱ አጠገብ ያለው ማማ ቢሰጠው ማንም ቅር አይለውም። ሁሉም ባርኔጣው ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ አድርጎ ይበተናል፤ በእንስሳው ላይ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሰዎቹ አብረው ለመዋል ዓመቱን ሙሉ ጠብቀው፣ ቀኑን የሚያሳልፉት በመቶዎች ሜትር ተራርቀው፣ ብቻቸውን፣ ሳይንቀሳቀሱ ነው። የሚያገናኛቸው የውሻ ድምፅ ነው። ባለ ውሻው ወደ ጫካው መካከል ዘልቆ ውሻውን ይለቃል። ብዙዎች የሚመርጡት በትውልድ አገሩ ስም የሚጠራውን የየምትላንድ ውሻ ነው፤ በ1946 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የታወቀ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ግራጫ ውሻ። ጥሩ ውሻ ኤልኩን አይነክስም፣ እንዲሮጥም አያደርገውም፤ ዙሪያውን እየዞረ እየጮኸ አንድ ቦታ ያቆመዋል። በየማማው ያሉት አዳኞች ከጩኸቱ ምት ብቻ እንስሳው እየሄደ ይሁን ቆሞ ይለያሉ። ልብ የሚመታው ያኔ ነው። የዓመታት ልምድ ያለው ሰው እንኳ ኤልኩ ከቅርንጫፎቹ መካከል ብቅ ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስዊድናውያን «የኤልክ ትኩሳት» ይሉታል።

ከተኩሱ በኋላ ሥራው የሁሉም ነው። መጎተት፣ መግፈፍ፣ ማንጠልጠል። ሥጋው እስኪለሰልስ በቀዝቃዛ ክፍል ይሰቀላል፤ ቀመሩም የየቀኑ አማካይ ሙቀት ተደምሮ 40 እስኪሞላ ነው፤ ስምንት ዲግሪ ከሆነ አምስት ቀን ማለት ነው። በመጨረሻ ሥጋው በየድርሻው ይደረደርና የትኛው የማን እንደሆነ በብዙ ማኅበራት ዕጣ ይወጣል። የዳመራ ሰሞን ወይም ለፋሲካ ቅርጫ የገባ ኢትዮጵያዊ ይህን መደብ በዓይኑ ማየት ይችላል። ቀንዱ ብዙውን ጊዜ ለገዳዩ ይሰጣል፤ ሥጋው ግን ቀኑን ሙሉ ምንም ሳያይ ለዋለውም ይደርሳል። በእኛ አገር የአደን ባህል ገዳይ ስሙ ይነሣል፣ ይፎከርለታል፣ ይዘፈንለታል። እነሱ ዘንድ የተኳሹ ሙገሳ አጭር ነው። ማታ እሳት ዳር ረዘም ያለ ጨዋታ የሚነሣው ስለ ውሻው፣ ስላመለጠው ትልቅ ወንድ፣ በሕይወት ስለሌሉት የድሮ የማኅበሩ ሰዎች ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንስሳው ቁጥር ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት አደገ። የእንጨት ኩባንያዎች ጫካውን በሰፊው እየጨፈጨፉ እንደገና መትከል ጀመሩ፤ ወጣቱ ጥድ ለኤልክ ምግብ ሆነ። ከብቱ በጫካ መሰማራቱን ተወ። ተኩላውም ጠፍቶ ነበር፤ በ1966 በሕግ ሲጠበቅ የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አዳኞቹም ላሞቹን እየማሩ ብዙ ጥጃ መተኮስ ጀመሩ፤ መንጋውም ይበልጥ በረከተ። በ1982 በአንድ የአደን ወቅት ከ174,000 በላይ ኤልክ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ የደረሰበት የለም። መንገዱ ሁሉ ኤልክ ሆኖ የመኪና አደጋው በዛ። በስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንስሳውን አስቀድመው የሚያውቁት ቀይ ጠርዝ ባለው ቢጫ የመንገድ ምልክት ላይ ነው።

ከዚያ ታላቅ ዘመን አራት ዓመት በኋላ የመጣውን ፈተና ያዩ አዳኞች ዛሬም ይናገሩታል። ሚያዝያ 1986 የቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ ጨረር ያዘለው ደመና በየቭሌ አካባቢና በሰሜኑ አውራጃዎች ላይ ዘነበ። ሲዚየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ ቁጥቋጦውና ወደ እንጉዳዩ ገባ፤ ከዚያ ወደ ኤልኩ ሥጋ። የዚያን ዓመት መከር አደኑ አልቀረም፤ ሥጋው ግን ከዕጣው በፊት ወደ መመርመሪያ ይላክ ጀመር። ለምግብ የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 300 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ) ነበር፤ በ1987 ለዱር እንስሳ ሥጋ ወደ 1,500 ከፍ ተደረገ። ገበሬው ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ መብቱ ያገኘውን ሥጋ ልጆቹ እንዲበሉት ለመወሰን የላብራቶሪ ወረቀት መጠበቅ ነበረበት።

ንጉሡስ? እሱም አደኑን አልተወም። ከቬኔርን ሐይቅ ደቡብ ጫፍ አጠገብ ባሉት የሃሌና የሁኔ ተራሮች ላይ ከዳግማዊ ኦስካር ዘመን፣ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የንጉሥ አደን ይካሄዳል። በአንድ አገር፣ በአንድ ወቅት፣ ንጉሡም ገበሬውም በየፊናቸው ወዳጆቻቸውን ይዘው ማማ ላይ ይቀመጣሉ። በ1789 ከመኳንንቱ ይህን የሚገምት አልነበረም።

ከ1985 ጀምሮ አዲስ አዳኝ ሁሉ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል፤ ሕጉን፣ የእንስሳቱን ጠባይ፣ የጠብመንጃ አያያዝን ይፈተናል። ከአዲሶቹ መካከል ርስት የሌለው ከተሜም አለ፤ የሴቶች ቁጥርም እየጨመረ ነው። ዛሬ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች የመንግሥቱን የአደን ክፍያ ይከፍላሉ። የሚገደለው ኤልክ ግን ከ1982ቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። የደን ባለቤቶች ጥዱን በላብን እያሉ ቁጥሩ እንዲቀነስ ይጠይቃሉ፤ አዳኞቹ በቃ፣ አለቀ ይላሉ። ተኩላው በ1983 በቬርምላንድ እንደገና ከወለደ ወዲህ በዚያ አካባቢ ያሉ ማኅበራት ኮታቸውም ቀንሷል፤ ውሻቸውንም ለመልቀቅ ይፈራሉ። በ2012 የተጀመረው አዲስ አስተዳደር ሁለቱን ወገን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ በየአካባቢው ዕቅድ እንዲያወጡ አድርጓል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም።

እኔ በዚህ ክርክር ከአዳኞቹ ጎን ነኝ፤ ለሥጋው ብዬ አይደለም። አንድ ጎልማሳና አንድ ጥጃ ብቻ የተፈቀደለት ማኅበር ለሁለት ቀን ወጥቶ ይመለሳል፤ ኮታው ባዶ ሲሆን ደግሞ ወጣቶቹ መምጣት ይተዋሉ። አንዳንዶቹ ማኅበራት አሁን ከአጎራባቾቻቸው ጋር እየተቀላቀሉ ነው፤ አያቶቻቸው በወሰን የተካሰሱባቸውን መሬቶች እንደገና በአንድ ካርታ ላይ እያስገቡ።