የጨጓራ ነቀርሳ ሕክምና ታሪክ፤ ከቪየና እስከ ቻይና

ብዙ ጊዜ የምንማረው ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ነው፤ እኔ ግን የአንድ በሽታ፣ የጨጓራ ነቀርሳ (ካንሰር) ታሪክ ለመጻፍ መረጥሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1879 ፔያን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ በ1880 ደግሞ ሪዲጊየር የተባለ ፖላንዳዊ ሐኪም፣ የታመመውን የጨጓራ ክፍል ቆርጠው ለማውጣት ሞከሩ፤ የሁለቱም በሽተኞች ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በ1881 በቪየና ከተማ ቴዎዶር ቢልሮት የአንዲት የ43 ዓመት ሴት ነቀርሳ አውጥቶ፣ የቀረውን ጨጓራ ከአንጀቷ ጋር ሰፋው። ሴትዮዋ ቁስሏ ሽሮ እህል መብላት ቻለች፤ ነገር ግን በሽታው አገርሽቶባት ከአራት ወር ያህል በኋላ ዐረፈች። አራት ወር ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ሐኪሞቹ ግን ሥራውን አልተዉትም፤ ዛሬም በሽታው ሳይሠራጭ የተደረሰበት ሰው ለመዳን ዋና ተስፋው ይኸው ቀዶ ጥገና ነው።

ከተሠራጨ በኋላ ግን ቢላዋ ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ ሊቃውንት የሰውነትን ዘበኞች፣ ማለት ቲ የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ለማሠልጠን አሰቡ። በ1989 በእስራኤል አገር በዋይዝማን ተቋም ዜሊግ ኤሽሃርና ጓደኞቹ ለእነዚህ ሕዋሳት ጠላትን የሚለዩበት አዲስ ተቀባይ ሠሩላቸው። በ2012 በፊላዴልፊያ በደም ነቀርሳ ለሞት የቀረበች የስድስት ዓመት ልጅ በዚህ ዘዴ ዳነች።

የጨጓራው ግን በምሽግ እንደ ተቀመጠ ጠላት ሆኖ አስቸገረ። ምልክት የሆነው ክላውዲን 18.2 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ በጤናማ ጨጓራ ሕዋሳት መጋጠሚያ ተሰውሮ ይኖራል፤ በነቀርሳው ላይ ግን ይገለጣል። በቻይና አገር ከበሽተኛው ደም የተወሰዱ ሕዋሳት ይህን እንዲለዩ ተደርገው፣ ተራብተው፣ ወደ ገላው ተመለሱ። በ2025 የወጣው የ156 በሽተኞች ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዕጣ ለዚህ ሕክምና የተመደቡት እኩሌታ ያህሉ ከ7.92 ወር በላይ ኖሩ፤ በሌላ መድኃኒት የታከሙት ዘንድ ይኸው ልክ 5.49 ወር ነበር። ሕዋሳቱን ከወሰዱት መካከል ከመቶ 99ኙ ብርቱ የጎን ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የቪየናዋ ሴት ትዝ አለችኝ። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ አስቀድሞ ሕዋሳቱ ካልደረሷቸው 52 ሰዎች 20ዎቹ፣ በሽታቸው ሲብስ ኋላ ተሰጥቷቸዋል። በዚህ ምክንያት የዕድሜውን ልዩነት አጥርቶ መለካት ያስቸግራል። ቢሆንም ከሐኪሞቹ አንዱ እኔ ብሆን ኖሮ አልከለክላቸውም ነበር።