የአውድማው ብረት

«ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» ሲባል ሳትሰማ ያደገች ከመካከላችን የለችም። ይህን ያሉት እናቶቻችን ብቻ አይደሉም፤ ሳይንሱም ለጊዜው አግዟቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በጋራ ባካሄዱት የሥነ ምግብ ጥናት፣ ሕዝባችን ከምግቡ የሚያገኘው ብረት እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኘ። በ1968 ደግሞ ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በዚሁ ጉዳይ ላይ ያደረጉትን የደም ምርመራ ጥናት አሳተሙ። ብረቱ ከየት መጣ? ብዙው ከአፈር ነው። ጤፍ እበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ይበራያል፤ ፍሬው ከአሸዋ ስለማይበልጥ ቢነፋም ቢበጠርም ከአፈሩ ጨርሶ አይለይም። ጤፍ የራሱ ብረት አለው፤ ታጥቦ ሲለካ ግን ዝናው በእጅጉ ይቀንሳል። በወንፊት ስንታገለው የኖርነው አፈር ነበር እንግዲህ የተመሰገነው!

የአፈር ብረት አብዛኛው ከሰውነት ጋር ሳይዋሃድ ይወጣል። የእህሉንም ብረት ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን እርሾ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሊጡ ቀናት ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳልና። ከማዕድ ሳንነሳ የምንጠጣው ቡና ግን መልሶ ብረቱን ያግዳል። አንድ ሁለት ሰዓት ብናዘገየው ቡናው አይቀየመንም።

ከሁሉ የከፋው፣ ያ ዝና የሴቷን ጉዳይ መሸፈኑ ነው። በየወሩ ደም የሚፈሳት፣ የምታረግዝ፣ የምትወልድ፣ ከማዕዱም መጨረሻ የምትቀርበው እሷ ናት። ጤፍም የሁሉም አገር እህል፣ የሁሉም ኪስ አቅም አይደለም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደም ያነሳቸው በ2005 ከመቶ 27፣ በ2011 ከመቶ 17 ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ ተመልሶ ወደ 24 ወጣ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ከመቶ 16 ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል 60 ነበሩ።

ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክኒን ብረትና ፎሊክ አሲድ የያዘው ለዚህ ነው። ሰገራ ማጥቆሩ የተለመደ ነው፣ አያስፈራም፤ ሆድ ካወከ ደግሞ ከመተው በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅ ይሻላል። በ2016ቱ ጥናት በመጨረሻ እርግዝናቸው ክኒኑን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ።