ሊቀሩ የመጡ

ዓለም አቀፍ ከተማ ሲባል ፎቅና ኤርፖርት ነው የሚታየን፣ አይደል? እኔን ግን የላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። በዋሻው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አፅም በአፅም ላይ ተደራርቧል። ትውፊቱ «ከግብፅና ከኢየሩሳሌም ጭምር መጥተው እዚሁ ማረፍን የመረጡ ምዕመናን ናቸው» ይላል።

ጎረቤቱ ሮሐ፣ የዛሬዋ ላሊበላ፣ ወንዟን ዮርዳኖስ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ አንዱን ጎልጎታ ብላ ሩቁን ዓለም ደጇ አመጣችው። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አይቶ ጻፈላት፤ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

ዛሬ የላስታ ወጣት እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባና ዓረብ አገር ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ በረከት ብቻውን እራት አይሆንም። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ በሄዱበት ከተማ ስንቶቹ «እዚህ ልቀበር» ይላሉ?