ስለ «ማኅደር» እና ስለ «አልቦ»

የአቶምን ጠባይ በአማርኛ ለማስረዳት ከሚደክሙት ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ኤሌክትሮን የሚገኝበትን ስፍራ «ምሕዋራዊ»፣ በዚያው ስፍራ ውስጥ ከቶ የማይገኝበትን ወሰን ደግሞ «ቋጠሮ» ማለት ስለ ጀመሩ፣ ቃላቱም ሳይመረመሩ ከደብተር ወደ ደብተር ሲተላለፉ ስላየን፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ለቋንቋችን ክብር የሚገባ ሆኖ አላገኘነውም።

«ምሕዋር» ሖረ፣ ማለት ሄደ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ መልካም ቃል ነውና ፕላኔት ፀሐይን ለሚዞርበት መንገድ ይስማማል። ዳሩ ግን ሽሮዲንገር ኤሌክትሮንን እንደ ሞገድ የሚገልጸውን እኩልታ ባወጣበት በ1926 እ.ኤ.አ. ማክስ ቦርን የሞገዱ መጠን በራሱ ሲባዛ ኤሌክትሮን በየስፍራው የመገኘቱን ይሆናልነት እንደሚሰጥ ካስረዳ ወዲህ፣ ኤሌክትሮን የታወቀ ጎዳና አለው ማለት ቀርቷል። በ1932 ሮበርት መሊከን ለዚህ ስፍራ በእንግሊዝኛ ስም ሲያወጣለት ምሕዋር ማለት የሆነውን የቀድሞውን ቃል ጫፍ ብቻ መለወጡ እኛንም ጎዳና ለሌለው ነገር የጎዳና ስም እንድንሰጥ አያስገድደንም። ኀደረ ከሚለው ግሥ የተገኘው «ማኅደር» ግን ኗሪው የሚገኝበትን ስፍራ ያመለክታል እንጂ በየትኛው ማዕዘን እንዳለ አይናገርምና፣ «ማኅደረ ኤሌክትሮን» ብንል ቃሉና ምሥጢሩ ይገጥማሉ።

«ቋጠሮ» ከዚህ የባሰ ነው። ከላቲኑ ኖዱስ ቃል በቃል መገልበጡ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ የቋጠርነው ነገር የሰበሰብነውና ያኖርነው ነውና፣ ተማሪው ኤሌክትሮን በዚያ ተከማችቷል ብሎ የእውነቱን ተቃራኒ ይይዛል። የክራርን አውታር ከእኩሌታው ላይ በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ የሚመታ ሰው ግራና ቀኙ ሲርገበገብ መካከሉ ጸጥ ብሎ ያያል፤ በዚያ ነጥብ የተቋጠረ ነገር የለም። 2ኤስ በሚባለው የሃይድሮጅን የሁለተኛ ደረጃ ማኅደርም ከኒውክሊየሱ 0.106 ናኖሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሉል ላይ ይሆናልነቱ ዜሮ ሲሆን፣ ከሉሉ ውስጥም ከውጭም ግን ኤሌክትሮኑ ይገኛል። «አንጓ» የሚሉት፣ ሸምበቆን እንደሚከፍል ሞገዱን ይከፍላል ሲሉ ወደ እውነቱ ቀርበዋል፤ ሆኖም አንጓ ጠንካራና የሚዳሰስ ነው።

በግእዝ የለም ማለት የሆነው፣ በሒሳብም ለዜሮ የሚያገለግለው «አልቦ» ይህን ሁሉ ችግር ያስወግዳል። ከዜሮ ጋር ይምታታል ለሚሉን፣ በዚያ ስፍራ ያለው ራሱ ዜሮ ነውና መገጣጠሙ ለቃሉ ምስክር ነው እንላለን። ስለዚህ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን የሁለተኛው ደረጃ ማኅደር አንድ አልቦ፣ የሦስተኛውም ሁለት አልቦ አለው ብለው እንዲያስተምሩ አጥብቀን እንለምናለን።